በቤት የሚሠራ ባዮዲዝል ምንድን ነው? ምን ዓይነት ዕቃስ ይጠይቃል?

ባዮዲዝል ከአትክልት ዘይት ወይም ከእንስሳት ስብ ተሠርቶ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ለብቻው ወይም ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ የሚነድ ነዳጅ ነው። ዘይትን ሳይለውጡ እንዳለ ማንደድም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሆኖም ዘይት ከናፍጣ እጅግ የወፈረ በመሆኑ በኖዝሉ በኩል በደንብ አይረጭም፤ ሳይነድ የቀረውም እየጠቆረ ሞተሩ ውስጥ ይጋገራል። ባዮዲዝል የመሥራት ዓላማ ይህን ውፍረት ማቅጠን ነው።

አንድ የዘይት ሞለኪውል በአንድ ግሊሰሪን ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት የቅባት አሲዶች አሉት። ሜታኖል የተባለው አልኮል በኮስቲክ ሶዳ አጋዥነት ሦስቱን ከግሊሰሪኑ ያላቅቅና እያንዳንዳቸውን ለራሱ ይይዛል፤ ቀላሉ ባዮዲዝል ከላይ ሲሰፍ ከባዱ ግሊሰሪን እንደ ጠላ አተላ ከታች ይዘቅጣል። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ያህል ሜታኖል ይገባል፤ የሚገኘውም ባዮዲዝል ከገባው ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። አረቄ በሚወጣበት አገር ሜታኖሉን በካቲካላ መተካት ለብዙ ሰው መታሰቡ አይቀርም፤ ነገር ግን ካቲካላ ውሃ ስላለበት ዘይቱን ከነዳጅ ይልቅ ወደ ሳሙና ያዞረዋል።

ዕቃን በተመለከተ ጀማሪው ሐሳቡን ሁሉ የሚጥለው መቀላቀያው ላይ ነው፤ ይሁንና መቀላቀሉ ቢበዛ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ሲሆን አብዛኛው መሣሪያ የሚያስፈልገው ከዚያ በፊትና በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ከሳምቡሳና ከቺፕስ የተረፈው ዘይት በወንፊትና በጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ ጥቂቱን በትንሽ ዕቃ አግሎ መስማት ነው፤ የሚንጣጣ ከሆነ ውሃ አለው፣ ሁሉም ሞቆ ውሃው መውጣት ይኖርበታል። ቀጥሎ ዘይቱ ሲጠበስበት የፈጠረው አሲድ ሶዳውን ስለሚሻማ መጠኑ ይለካል። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ተበጥብጦ ጥቂት እርድ ይጨመርበትና የሶዳው ውሃ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። የእርዱ ቢጫ ወደ ቀይ ዞሮ ሲቆይ የፈሰሰው ሚሊ ሊትር ይነበባል። ላልተጠበሰበት ዘይት በሊትር 3.5 ግራም ሶዳ ይበቃል፤ ልኬቱ 2.5 ሚሊ ሊትር ከሆነ 2.5 ግራም ተደምሮ 6 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያሳይ ሚዛን የግድ ነው፤ የጉሊት ሚዛን እዚህ አያገለግልም።

በአሜሪካ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ለመቀላቀያነት አሮጌ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር መጠቀም ለምደዋል፤ ከታች የሚስብና ከላይ የሚመልስ ፓምፕ ይገጠምለታል። እኔም ክዳን ከሌለው በርሜል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሜታኖል ትነት መርዝ ከመሆኑም በላይ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ጋዝም ሆነ ከሰል በአካባቢው አይደርስም፤ ጓንት፣ መነጽርና ነፋስ የሚዘዋወርበት ቦታ ግን ያስፈልጋል። መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላሉ። ይህ ሜታኖል 65 ዲግሪ አካባቢ ለሚፈላበት ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን መፍያው ወደ 58 ዲግሪ ስለሚወርድ ሙቀቱን 50 አካባቢ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ማዘዋወር ይሻላል። ሶዳው በሜታኖል የሚሟሟው ክዳኑ በሚገጥም ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ፓምፑ ከቆመ በኋላ ድብልቁ ሲያድር ግሊሰሪኑ ከታች ባለው ቧንቧ ይወርዳል። ባዮዲዝሉ ግን ገና ሳሙናና ሜታኖል አለበት፤ በሌላ በርሜል ውሃ እየተረጨበት ይታጠባል። የመጀመሪያው እጣቢ ወተት ይመስላል፤ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይደገማል። ከዚያም በመስታወት ዕቃ ተይዞ ከጀርባው ያለ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ የቀረው ውሃ እንዲወጣለት ይደረጋል። ዘይቱ በሙሉ መለወጡን ለማወቅ 3 ሚሊ ሊትሩ በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይናጣል፤ ከታች ዘይት ከዘቀጠ ሥራው አላለቀም።

ነዳጁ መኪና ውስጥ ሲገባ በታንከሩ የኖረውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ የመጀመሪያው ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል፤ የድሮ መኪና የተፈጥሮ ጎማ ቱቦም ይበላል። ከፓልም ዘይት የተሠራው ደግሞ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መደፍረስ ይጀምራል፤ የታኅሣሥን ሌሊት ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት እንዲነሣ ከተፈለገ ባዮዲዝሉ አነስ ብሎ ከናፍጣ ጋር መቀላቀል አለበት።