የህንድ «ዲስትሪክት» ምንድን ነው? ኮራፑትን ይዘን እንየው

የህንድን ዜና የሚከታተል ሰው «በእንዲህ ያለው ዲስትሪክት ጎርፍ ደረሰ»፣ «የዲስትሪክቱ ኮሌክተር ትእዛዝ ሰጡ» የሚል ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። ዲስትሪክት ከክልል ቀጥሎ የሚመጣ የአስተዳደር እርከን ነው። የአገሬው ሰው «ዚላ» ይለዋል። በስፋቱ ከኛ ዞን ጋር ይቀራረባል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ 640 ዲስትሪክቶች ነበሩ፤ ዛሬ ከ750 በላይ ሆነዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዲስትሪክቱ ዋና ሹም ኮሌክተር ይባላል። ሕዝብ አይመርጠውም፤ ከማዕከላዊው ሲቪል ሰርቪስ ተመድቦ ይመጣል። ሥልጣኑ ከእንግሊዞች ዘመን የመሬት ግብር ሰብሳቢነት የመጣ ነው። ዛሬም የመሬት መዝገብ፣ የራሽን እህል፣ የአደጋ ጊዜ እርዳታና ምርጫ ማስፈጸም በሱ እጅ ያልፋሉ። ከሥሩ ብሎኮች አሉ፤ ከብሎክ በታች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጣቸው የመንደር ምክር ቤቶች፣ ማለትም ፓንቻያቶች። በወረቀት ላይ ነገሩ ይሄው ነው። ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን ግን አንዱን ዲስትሪክት ቀረብ ብለን ስናየው ነው። ኮራፑትን የመረጥኩት አለምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን እህሉ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ኮራፑት በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ ክልል ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። የምሥራቅ ጋትስ ተራሮች የሚያልፉበት ደጋማ አገር ነው። የኦዲሻ ከፍተኛው ተራራ ደኦማሊ፣ 1,672 ሜትር፣ እዚሁ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በደቡብ በኩል የማችኩንድ ወንዝ በዱዱማ ፏፏቴ ከ150 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል።

ዲስትሪክቱ የተቋቋመው ኦዲሻ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር በሆነችበት በ1936 ነው። ከዚያ በፊት የጄይፖር መሳፍንት ግዛት ሆኖ (ጄይፖር እዚሁ ኮራፑት ያለች ከተማ ናት) በእንግሊዞቹ የማድራስ ክፍለ ሀገር ሥር ይተዳደር ነበር። በ1992 ደግሞ ለአራት ተከፈለ፤ ማልካንጊሪ፣ ናባራንግፑርና ራያጋዳ የየራሳቸው ዲስትሪክት ሆኑ። የቀረው ኮራፑት ወደ 8,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና በ2011 ቆጠራ 1.38 ሚሊዮን ሕዝብ አለው።

ከዚህ ሕዝብ ግማሹ ሕገ መንግሥቱ «የተመዘገቡ ጎሳዎች» ከሚላቸው ወገን ነው። እነሱ ራሳቸውን አዲቫሲ ይላሉ። ፓራጃ፣ ኮንድ፣ ጋዳባ፣ ቡሚያ፣ ቦታዳ፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቋንቋቸውም የሚገርም ነው። የጋዳባ ሕዝብ ብቻውን ከሁለት የተለያዩ የቋንቋ ቤተሰቦች የሆኑ ሁለት ቋንቋዎች አሉት፤ ጉቶብ የሙንዳ ወገን ነው፣ ኦላሪ ደግሞ የድራቪዳ። ሁሉም ገበያ ላይ ሲገናኙ የሚግባቡት «ዴሲያ» በሚባለው የአካባቢው ኦዲያ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንግባ። የኮራፑት ገበሬ መሬቱን በከፍታው ይለየዋል። ከላይ «ዶንጋር» አለ፣ የተራራው ዳገት። እዚያ ቁጥቋጦው ተመንጥሮና ተቃጥሎ የተለያየ ዘር ተደባልቆ ይዘራል፤ ጥቂት ዓመት ከታረሰ በኋላ እንዲያገግም ይተዋል። መሀል ላይ ሜዳማ የሆነው ደረቅ እርሻ አለ። ከታች፣ በሁለት ኮረብታ መካከል፣ «ጆላ» ይገኛል። ጆላ የጅረት መውረጃ ነበር። ሰዎች በትውልድ ብዛት በድንጋይና በአፈር እየገደቡ ደረጃ በደረጃ አስተካከሉት። ጅረቱ ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው እያለፈ ሩዙን ያጠጣል። ዝናብ ቢያንስ እንኳ ጆላ ውሃ አያጣም። ለዚህም ነው አንድ ቤተሰብ ትንሽ ጆላ ካለው ክፉ ቀን አያስፈራውም የሚባለው።

መዝገቡ ከኑሮው ጋር የሚጋጨውም እዚህ ነው። በኦዲሻ የመሬት ልኬት ሲካሄድ ዳገታማው መሬት በአብዛኛው በመንግሥት ስም ተመዘገበ። ጆላው የገበሬው ሆነ፤ አያት ቅድመ አያቱ የዘሩበት ዶንጋር ግን በወረቀት የሱ አይደለም። በ2006 የወጣው የደን መብት ሕግ ይህን ለማረም ተሞከረበት። አንድ ቤተሰብ ያረሰበትን የደን መሬት ለመንደሩ ጉባኤ አመልክቶ የይዞታ ማስረጃ ማግኘት ይችላል። ሥራው ግን አዝጋሚ ነው፤ ማስረጃውም ብዙ ጊዜ ከሚታረሰው መሬት ያነሰ ነው። በተጨማሪ ኮራፑት የአዲቫሲ አካባቢዎችን በሚመለከተው የሕገ መንግሥቱ አምስተኛ መርሐ ግብር ሥር ስለሆነ የአዲቫሲን መሬት አዲቫሲ ላልሆነ ሰው ማስተላለፍ በሕግ የተገደበ ነው። ይህ ገደብ ባይኖር ኖሮ ብዙው መሬት እስከ ዛሬ በአራጣ አበዳሪዎች እጅ በገባ ነበር።

ዶንጋሩ ላይ ምን ይዘራል? ዳጉሳና ኑግ። አዎ፣ የኛው ዳጉሳና የኛው ኑግ። ኑግ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ዳጉሳም ለመጀመሪያ ጊዜ የተላመደው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ከፍታማ አገር እንደሆነ ይታመናል። ሁለቱም ከብዙ ዘመን በፊት ባሕር ተሻግረው ህንድ ገቡ። በኮራፑት ዳጉሳው «ማንዲያ» ነው፣ ኑጉ «አልሲ»። መስከረምና ጥቅምት ላይ የኑግ አበባ ኮረብታውን ቢጫ ያደርገዋል። ዘይቱ ለወጥ ይሆናል፤ ከህንድ ወደ ውጭ ከሚላከው ኑግ ብዙው ግን የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። እህሉን ይህን ያህል አክብሮ ያቆየ ሕዝብ በምርቱ የሚያገኘው ዋጋ እንዲህ ዝቅተኛ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ማንዲያ የዕለት ምግብ ነው። ዱቄቱ በውሃ ተቀቅሎ፣ ብዙ ጊዜም አድሮና ትንሽ ጎምዘዝ ብሎ፣ «ፔጅ» የሚባል ቀጭን ገንፎ ይሆናል። ገበሬው በቅል ይዞት ወደ እርሻ ይወጣል፤ በሐሩር ቀን ውሃ ጥምም ረሃብም ያስታግሳል። ከዚሁ እህል «ላንዳ» የሚባል መጠጥም ይጠመቃል፤ በዓልና ሠርግ ያለሱ አይሆንም።

ሩዙ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የጄይፖር አካባቢ ሩዝ ከተላመደባቸውና ዝርያው ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የህንድ የሩዝ ተመራማሪዎች መንደር ለመንደር ዞረው ከ1,700 በላይ የሩዝ ናሙና ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምርት የሚሰጡ አዳዲስ ዝርያዎች መጡና አብዛኛው የአገር ዘር ከማሳ ጠፋ። የቀረውን ያቆዩት በዋናነት ሴቶች ናቸው። ዘር መርጦ ማድረቅ፣ ከተባይ መጠበቅ፣ ለጎረቤት ማበደር የነሱ ሥራ ነበር። የአዲቫሲ ተወላጅ የሆኑት ካማላ ፑጃሪ ከፓትራፑት መንደር ተነስተው መቶ ያህል የሩዝ ዝርያዎችን ጠብቀዋል። በ2019 የህንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጣቸው፤ በ2024 አረፉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትም በ2012 የኮራፑትን ባህላዊ እርሻ ለዓለም ጠቃሚ የግብርና ቅርስ አድርጎ መዘገበው።

እንግዲህ ይህንን ከሌላኛው የኮራፑት ስም ጋር አነጻጽሩት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኮራፑት ከካላሃንዲና ከቦላንጊር ዲስትሪክቶች ጋር ተደርቦ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው «ኬቢኬ» ተባለ። በህንድ ጋዜጣ ላይ ኬቢኬ ማለት ረሃብና ድህነት ማለት ነበር። በ1995 ለአካባቢው ልዩ የረጅም ጊዜ እቅድ ወጣ። በ2018 ደግሞ ኮራፑት ወደ ኋላ ቀርተዋል ተብለው ልዩ ክትትል ከተመደበላቸው ከመቶ በላይ ዲስትሪክቶች አንዱ ሆነ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በ2011 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ግማሹ ሕዝብ እንኳ አይሞላም፣ 49 በመቶ ነው፤ ከሴቶቹ ደግሞ 40 በመቶ አይደርስም። በአገር አቀፍ ደረጃ ያኔ 73 በመቶ ነበር። ልጅ ታሞ ሐኪም የማይደረስበት ቦታ ድሃ ነው፣ ይህን ማለስለስ አያስፈልግም። ግን የዲስትሪክት ሰንጠረዥ የዘር ጎተራን የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም። ፔጅ የሚጠጣ ቤተሰብ ለብዙ ዘመን እንደ ረሃብተኛ ታይቷል፤ ዛሬ ያው ዳጉሳ በዴልሂ ሱፐርማርኬት አምሮ ተጠቅልሎ ይሸጣል።

አንድ ሌላ ቁጥርም አለ። በ2011 ቆጠራ በኮራፑት ለ1,000 ወንድ 1,032 ሴት ነበር፤ በመላው ህንድ ደግሞ 943። ወንዶች ለሥራ ወደ ሌላ ክልል መሄዳቸው አንድ ምክንያት ነው። ነገር ግን በአዲቫሲ ማኅበረሰብ ሴት ልጅ እንደ ሸክም አለመታየቷም ድርሻ አለው። በብዙ ቤት ጥሎሽ የሚሰጠው ወንዱ ነው።

የገንዘቡ ኢኮኖሚ የሚንቀሳቀሰው «ሃት» በሚባለው ሳምንታዊ ገበያ ነው። ትልቁ የኩንዱሊ ሃት ነው። ከኮረብታው የወረዱ ሴቶች ዝንጅብል፣ እርድ፣ አትክልትና ዳጉሳ ያመጣሉ፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጡ ነጋዴዎች በጭነት መኪና ይወስዳሉ። ዋጋ የሚቆርጠው ባለ መኪናው ነው። ለዚህ ነው የመንግሥት ግዢ ለውጥ ያመጣው። ኦዲሻ በ2017 ኮራፑትን ጨምሮ በሰባት ዲስትሪክቶች የዳጉሳና የመሰል እህሎች ፕሮግራም ጀመረች። ገበሬው ችግኙን በመስመር እንዲተክል ተማረ፣ መንግሥትም ዳጉሳውን በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ መግዛት ጀመረ። በ2017/18 አንድ ኩንታል 1,900 ሩፒ ነበር፤ በ2023/24 ወደ 3,846 ሩፒ ደረሰ። በዚያው ዓመት መንግሥት ላልተፈለፈለ ተራ ሩዝ የቆረጠው ዋጋ 2,183 ሩፒ ነበር። ከዚህ በፊት ዳጉሳ ከሩዝ ይበልጣል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ቡናም አለ፣ አረቢካ። የጄይፖር መስፍን በ1930ዎቹ እንዳስተከለው ይነገራል። በሰፊው የተስፋፋው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ደለል የማችኩንድን ግድብ እንዳይሞላ ለመከላከል ተብሎ ነው። ዛሬ የአዲቫሲ ቤተሰቦች ይለቅሙታል፣ የክልሉ የኅብረት ሥራ ተቋም ከነሱ ይገዛል። በኮትፓድ ደግሞ ሸማኔዎች ከዛፍ ሥር በሚያወጡት ቀለም ቡናማ ቀይ ጥለት ያለው የጥጥ ልብስ ይሠራሉ። ክሩ በቀለም ከመነከሩ በፊት በጉሎ ዘይት፣ በከብት እበትና በአመድ ደጋግሞ ይታሻል፤ ሳምንታት ይፈጃል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ትልልቁ ኢንዱስትሪ አለ። በሱናቤዳ የሚግ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። በዳማንጆዲ መንግሥታዊው የአልሙኒየም ኩባንያ ናልኮ ከፓንችፓትማሊ ተራራ አናት ቦክሳይት የተባለውን የአልሙኒየም ማዕድን እያወጣ፣ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ በሚዘረጋ ማጓጓዣ ቀበቶ ወደ ማጣሪያው ያወርዳል። የተጣራው ዱቄት በባቡር ተጭኖ ከዲስትሪክቱ ይወጣል፤ አልሙኒየም የሚሆነው ሌላ ቦታ ነው። በማችኩንድና በላይኛው ኮላብ ግድቦች መብራት ይመነጫል። ለእነዚህ ሁሉ መሬት የለቀቁ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹም አዲቫሲዎች ናቸው። ካሳው የተሰላው በመዝገብ ላይ በሰፈረው መሬት ነው። ዶንጋሩ በመዝገቡ ስላልነበረ በካሳውም ውስጥ አልገባም። የመዝገቡን ነገር ቀደም ብዬ ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የዲስትሪክት ወሰን ራሱ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ወደ ኮቲያ ይሂድ። በፖታንጊ ብሎክ፣ ኦዲሻና አንድራ ፕራዴሽ በሚዋሰኑበት ኮረብታ ላይ፣ ሃያ አንድ መንደሮች አሉ። ኦዲሻ የኮራፑት ናቸው ትላለች፣ አንድራ ደግሞ የኔ። ጉዳዩ በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2006 ፍርድ ቤቱ የክልል ወሰን የሚወስነው ፓርላማ ነው ብሎ፣ ሁሉም ባለበት እንዲቆይ አዘዘ። በ2021 አንድራ እዚያ የመንደር ምርጫ አካሄደች፤ ኦዲሻ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተጣሰ ብላ ከሰሰች። ብዙ ነዋሪ የሁለቱም ክልል የራሽን ካርድ አለው። ከሁለቱም ወገን ሩዝና ጡረታ ይቀበላል፣ ለሁለቱም ድምፅ ይሰጣል። ኦዲሻ መንገድ ስትሠራ አንድራ ትምህርት ቤት ትከፍታለች። ለረጅም ዘመን ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው እነዚህ መንደሮች አሁን ሁለት መንግሥት ይሽቀዳደምባቸዋል።