ከቤት መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ቤታቸው ተቀምጠው አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አሉ። ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የፍጥነት መንገድ በየቀኑ ከመመላለስ ተገላግለዋል፤ ከሐሜት ግን አልተገላገሉም።

«አለቃ ካላየው አይሠራም»

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሻንጋይ ውስጥ በአንድ የጉዞ ወኪል የጥሪ ማዕከል ለ9 ወር ሞክረውታል። በሳምንት 4 ቀን ከቤት የሠሩት ሰዎች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቀውም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጭማሪው በአብዛኛው የመጣው በቀን ብዙ ደቂቃ በመሥራታቸው ነው፦ ማርፈድ፣ እረፍትና የሕመም ቀን አነሰ። ሰዎቹ ግን ፈቃደኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ክፍልም ነበራቸው። ቴሌቪዥን በሚጮህበት ሳሎን ለሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር አትጥቀሱለት።

«ቤት የገባ መመለስ አይፈልግም»

ከሻንጋዩ ሙከራ በኋላ ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመልሰዋል። ብቸኝነቱ ከብዷቸዋል፤ እኩል እየሠሩም እድገት ላይ ወደኋላ ቀርተዋል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለው ደርሶባቸዋል። በሳምንት 2 ቀን ብቻ ከቤት መሥራት በ1,612 ሠራተኞች ላይ ሲሞከር (ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው) የለቃቂው ቁጥር በሲሶ ወርዷል፤ የሥራ ምዘናም እድገትም አልተጎዳም። እኛን ከጠየቃችሁ የሚሻለው ይህኛው ነው።

«ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም ችግር የለም»

ቀድሞ የሚጠፋው ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። ላፕቶፑ እየሠራ ሰውየው ከስብሰባው ይሰወራል፤ አዲስ አበባ ያለው አለቃ ደግሞ «ልቡ ሥራው ላይ የለም» ይላል። የራውተሩን አስማሚ (አዳፕተር) ገልብጣችሁ አንብቡ። «12 ቮልት፣ 1 አምፒር» የሚል ከሆነ፣ ከ5 ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ የተያያዘ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 4 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። 9 ቮልት ለሚል ራውተር ይህን ገመድ አትሰኩ፤ ሊቃጠል ይችላል። የሰፈሩ የኢንተርኔት መስመር አብሮ ከሄደ በስልክ ዳታ «መብራት ሄዷል፣ ፋይሉን እየጨረስኩ ነው» ብሎ መላክ ይበቃል። ጥርጣሬ የሚወልደው ዝምታው ነው።

«ቤት ነው፣ ምን ሥራ አለው?»

ይህን የሚለው አለቃ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ወፍጮ ቤትም፣ ሱቅም፣ ለቅሶም የሚላከው እሱ ነው። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት ይለጠፍ፤ ቡናው ከሥራ መውጫ በኋላ ይፈላ።

«ቤት ያለ ሰው ማታም ይደወልለታል»

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ሠራተኛው በአዋጁ የሚሸፈን ከሆነ፣ አሠሪው አዞት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሠራው ትርፍ ሰዓት የመደበኛ ሰዓት ደመወዙ በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል።