ለጎልፍ ተጫዋች አባት የ60ኛ ዓመት ስጦታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አባባ 60 ሊሞላቸው ነው፤ አዋጥተን ሙሉ የጎልፍ ዱላ እናስመጣላቸው።» ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ልጆች ስለ ስጦታ ሲመካከሩ መጀመሪያ የሚነሣው ሐሳብ ይኸው ነው። አባት ጨዋታውን የለመዱት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ ልጆቹ ግን ዱላ ጨብጠው አያውቁም። ገንዘቡ ይወጣል፣ ዕቃው በመንገደኛ ይመጣል፣ አባትም መርቀው ይቀበሉና ጥግ ያቆሙታል። በመንገደኛ የመጣ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ አይቀየርም። ሁለት ሦስት ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ የሚቀር ብክነት ስለሆነ በጣም ያሳዝናል።

«ውድ ዱላ ጥሩ ስጦታ ነው» የሚለው ስህተት ከሁሉ የከፋው ነው። የጎልፍ ዱላ እንደ ሱፍ ልብስ በልክ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ልኩ የሌላ ሰው ከሆነ ዋጋው አያድነውም።

መጀመሪያ የእጅ ጉዳይ አለ። የቀኝ መቺና የግራ መቺ ዱላ ይለያያል፤ «አባባ የሚጽፉት በቀኛቸው ነው» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። ስመ ጥሩው የጎልፍ ተጫዋች ፊል ሚክልሰን ሌላውን ሥራ በቀኙ ይሠራል፣ ጎልፍ ግን በግራ ይመታል። በልጅነታቸው የገና ጨዋታ ሲጫወቱ በየት በኩል ይመቱ እንደነበር ማስታወስም አይበቃም፤ ቦርሳውን ከፍቶ ማየት ነው።

ቀጥሎ የዱላው ዘንግ። ለመቺው ፍጥነት ከሚገባው በላይ ደረቅ፣ ማለትም የማይተጣጠፍ፣ ከሆነ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ለቀኝ መቺ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በ60 ዓመት የምት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ቀንሷል፤ ሻጭ «ፕሮፌሽናሎች የሚይዙት ነው» እያለ የሚያሞግሰው ደረቅ ዘንግ ለእርሳቸው ሸክም ነው። የዱላው ጭንቅላት ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ማዕዘንም አለ፦ ከልክ በላይ ቀጥ ካለ የጭንቅላቱ ጫፍ ከመሬት ይነሣና የቀኝ መቺ ኳስ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከልክ በላይ ከተጋደመ ወደ ቀኝ። ርዝመቱ ቁመትን ብቻ አይከተልም፤ ከእጅ አንጓ እስከ መሬት ያለው ርቀትም ይለካል። በቁመት እኩል የሆኑ ወንድማማቾች ክንዳቸው ከተለያየ ዱላቸውም ይለያያል። መያዣው ከቀጠነ አንጓ ከመጠን በላይ ይዞራል፣ ከወፈረ ደግሞ አልዞር ይላል።

በዚያ ላይ ሕጉ በአንድ ዙር ከ14 ዱላ በላይ መያዝ ይከለክላል። 15 ይዞ የተገኘ ሰው በምት ቆጠራ ውድድር ሕጉ ለተጣሰበት ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 2 ምት፣ በዙሩ ቢበዛ 4 ምት ይቀጣል። ቦርሳቸው ሞልቶ ከሆነ አዲሱ የሚገባው የለመዱት አንዱ ሲወጣ ነው።

ዱላ ካልሆነ አንሰጥም ካላችሁ የልኬቱን ዋጋ ክፈሉላቸው። ልክ የሚወስድ ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ ይያዝ፤ የራሳቸውን ዱላ ይዘው፣ የጨዋታ ጫማቸውን አድርገው ይሂዱ፤ ሳይለኩ በፊትም ሰውነታቸውን ያሙቁ። ጥሩ ባለሙያ በነባሩ ዱላ አስመትቶ ይጀምርና አንድ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል፦ ዘንግ፣ ከዚያ ርዝመት፣ ከዚያ ማዕዘን። ሁሉን በአንዴ ከቀየረ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። የተገኘው ልክ በወረቀት ይሰጣቸው። ፖስታ ብቻ መስጠት ባዶ እጅ የመሄድ ያህል ከተሰማችሁ አንድ ጥሩ ጓንት ጨምሩበት።

ጓንት ደግሞ ጥንድ አይገዛም፤ አንድ ነው። ቀኝ መቺ በግራ እጁ ያጠልቀዋል። ልኩ የሚወሰደው አውራ ጣትን ሳይጨምር በመዳፉ ዙሪያና በመሃል ጣት ርዝመት ነው። ሲጠለቅ መዳፍ ላይ እጥፋት ከታየ ሰፊ ነው፤ እየተንሸራተተ እጅ ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። ቆዳው ሲሠራበት ስለሚለጠጥ አዲሱ ጠበቅ ቢል ይሻላል። ጥሩ ጓንት የሚሰፋው ከፀጉራም በግ ቆዳ ነው፤ የሱፋም በግ ቆዳ ላላ ስለሚል አይመረጥም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም የጓንት ገበያ የታወቀ ነው፤ የጎጃሙ ዋሸራም ፀጉረ አጭር ነው። ከአገራችን ቆዳ የተሰፋ ጓንት ካገኛችሁ ይህን በካርዱ ላይ ጻፉላቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

«ኳስ ሁሉ አንድ ነው።» ሕጉ ስፋቱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ክብደቱም ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ ያዛል፤ የሽፋኑ ልስላሴና የውስጡ ጥንካሬ ግን ይለያያል። ስም ልታሳትሙ ከሆነ እርሳቸው የሚመቱትን ዓይነት ግዙ።

«ርቀት መለኪያ ክልክል ነው።» ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዘጋጁ ካልከለከለ ይፈቀዳል፤ የዳገት ስሌቱን ማጥፋት የሚቻል ዓይነት ይሁን።

«ትንሽ ስጦታ ያሳፍራል።» እኛን ከጠየቃችሁ ከሁሉ የሚበልጠው የኳስ ምልክት ነው፦ ጉድጓዱ ያለበት ሳር ላይ ኳስ ሲነሣ ከኋላው የሚቀመጥ ሳንቲም መሰል ነገር። በየጉድጓዱ ከኪስ ይወጣል። ለብር አንጥረኛ ይታዘዝ፤ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሕጉ እስከ 50.8 ይፈቅዳል። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከወፈረ የሌላው ኳስ ይገጨዋል። ጠርዙ ይሞረድ፣ ኪስ እንዳይቀድ። አንዱ ፊት ደብዘዝ ይበል፤ በጣም የተወለወለ ብር ፀሐይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። ስም የሚቀረጸው እዚህ ላይ ነው፤ የዱላው መምቻ ፊት ከተቀረጸ ለውድድር አይበቃም።

ቀኑን ስታስቀርጹ አቆጣጠሩን ለዩ። ወደ ፈረንጁ ሲቀየር በእኛ ዓመተ ምሕረት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8 ይደመራል። ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. የተወለዱ አባት በፈረንጁ 1965 እንጂ 1966 አይደሉም፤ 60 የሚሞላቸውም ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። አንጥረኛው መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉን በወረቀት አውጡና እናታችሁ ወይም ታላቅ እህታችሁ ያንብቡት።