ማሂ ማሂ፦ ቶሎ የሚያድገው ወርቃማ ዓሣ

ማሂ ማሂ በሞቃታማ ውቅያኖሶች ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። በመንጠቆ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎችም፣ ምግብ ቤቶችም አጥብቀው ይፈልጉታል። በላቲን አሜሪካ ዶራዶ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ባለችው ደሴት አገር በማልታ ላምፑካ ይባላል። አንዳንድ አሜሪካውያን ደግሞ "ዶልፊን" ይሉታል፤ ከአጥቢው ዶልፊን ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሜኑ ላይ ካያችሁት አትደንግጡ።

መልኩ በጣም ያምራል። ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ጎኑ ወርቃማ ነው። ከውሃ ወጥቶ ሲሞት ይህ ሁሉ ቀለም ወዲያው ይደበዝዛል። የአደገ ወንድ ግንባሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሴቷ ክብ ነው።

የሚገርመው የእድገቱ ፍጥነት ነው። ቢበዛ 4 ወይም 5 ዓመት ነው የሚኖረው፤ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል። በ1976 እ.ኤ.አ. ኮስታሪካ ውስጥ የተያዘው 39 ኪሎ ይመዝን ነበር። በዚህች አጭር ዕድሜ እዚያ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም! ቶሎ ስለሚራባም ማጥመድን ከብዙ ትላልቅ ዓሦች በተሻለ ይቋቋማል።

አጥማጆች የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። ግንድም ይሁን የባሕር አረም፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ነገር ሥር መሰብሰብ ይወዳል። ጀልባው እየሄደ ማጥመጃውን ከኋላ ይጎትታሉ። መንጠቆው ሲይዘው ደጋግሞ ከውሃ በላይ ይዘላል፣ ይታገላል። አንዱ ከተያዘ ጥቂት ጊዜ ውሃው ውስጥ ያቆዩታል፤ ጓደኞቹ አብረውት ይቀራሉና።

ይህን ጠባዩን እንደ ማልታ ዓሣ አጥማጆች በብልሃት የተጠቀመበት ያለ አይመስለኝም። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዘንባባ ቅጠል የተሸፈነ ተንሳፋፊ ሠርተው፣ በድንጋይ አስረው ባሕሩ ላይ ያቆማሉ። ዓሣው ጥላውን ፈልጎ ሲመጣ በመረብ ይከቡታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከወይራ ፍሬና ከአትክልት ጋር በሊጥ ተሸፍኖ ይጋገራል። ማልታ ወደ ዩሮ ከመግባቷ በፊት የዓሣው ምስል በ10 ሳንቲሟ ላይ ነበር።

ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው። ፊሌቶው በፍም ላይ አይፈራርስም። በፔሩና በኢኳዶር በሎሚ ጭማቂ ተዘፍዝፎ ሴቪቼ ይሆናል፤ በካሊፎርኒያ ታኮ በሚባል የታጠፈ ቂጣ ውስጥ ይገባል። ለእኔ ግን ጨው፣ ሎሚና ጥቂት ቃሪያ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እንደተያዘ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ሙቀት ካገኘው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን ደግሞ ምንም ያህል ብታበስሉት አይጠፋም። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ስለዚህ ስትገዙ በረዶ ላይ የተቀመጠውን ምረጡ፤ ሽታው ከከበዳችሁ ተዉት።