«መጽሐፉን አበላሹት» ለምትሉ

ከታወቀ የልጆች መጽሐፍ አዲስ የገና አኒሜሽን ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር የምሰማው ወሬ አንድ ነው። ትሬለሩ እንኳ ሳያልቅ «መጽሐፉን አበላሹት!» ይባላል። እንጀራዬ አኒሜሽን ስለሆነ ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳቸው።

«ሁሉንም ኮምፒውተር ነው የሚሠራው።» አይሠራም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ሥዕል አለ። ገጸ ባሕሪው መቼ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ እንኳ የሚወስነው ሰው ነው። አንድ አኒሜተር በሳምንት ጥቂት ሰከንዶች ከጨረሰ ጎበዝ ነው።

«ተዋንያኑ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ድምፅ ይጨምሩበታል።» ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ እንደዚያ ነው። ሲሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ይቀድማል፤ ከንፈሩ ድምፁን ተከትሎ ነው የሚንቀሳቀስ።

«የልጆች ስለሆነ ቀላል ነው።» በዚህ ላይ ቃል አላባክንም።

አሁን ወደ ዋናው። «መጽሐፉን እንዳለ ቢሠሩት ምናለበት?» እሺ። አብዛኛው የልጆች የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ነው። ቀስ ብላችሁ ብታነቡት እንኳ ልጁ እንቅልፍ ሳይወስደው ያልቃል። ሲኒማ የገባ ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠብቃል። የቀረው በምን ይሞላ?

«ግሪንች»ን ውሰዱ። የልጆች ደራሲው ዶክተር ስዩስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1957 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። እዚያ ውስጥ ገናን የሚጠላው ፍጡር አረንጓዴ አይደለም። ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ቀይና ሮዝ ጣል ጣል ተደርጎባቸዋል። አረንጓዴው የመጣው በ1966 የአኒሜሽን ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ለቴሌቪዥን ሲሠራው ነው። የ2018ቱ የሲኒማ ፊልም ሲወጣ አንዲት ጓደኛዬ «ቀለሙን እንኳ እንደ መጽሐፉ ጠብቀውታል» ብላ አደነቀች። መጽሐፉን አምጥቼ ፊቷ ገለጥኩት። አገላብጣ አገላብጣ «ይሄ ሌላ እትም ነው» አለችኝ።

«ዘ ስኖውማን» ደግሞ ይብሳል። የሬይመንድ ብሪግስ መጽሐፍ በ1978 ሲወጣ አንድም ቃል የለበትም፣ ሥዕል ብቻ ነው። ገና የለበትም። የገና አባትም የለበትም። ልጁ የበረዶ ሰው ይሠራል፣ ሌሊት ነፍስ ይዘራል፣ አብረው ይበራሉ፣ ሲነጋ ቀልጦ ይገኛል። በቃ። የገና አባትን ያስገቡት በ1982 ፊልሙን የሠሩት ናቸው። ይኸው ብሪታንያ ውስጥ ገና በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን ይታያል፤ አበላሹት ሲል የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ትሬለሩ ላይ የማታውቁት ገጸ ባሕሪ ብቅ ሲል አትደንግጡ። የተጨመረው ነገር ታሪኩን ይገፋል ወይስ ሰዓት ይሞላል? መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው። ሰዓት ከሞላ እኔም አብሬያችሁ እሳደባለሁ። ልጅ ካላችሁ መጽሐፉን አስቀድማችሁ አንብቡለት፤ ልዩነቱን ራሱ ይልቀመው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» እያላችሁ አታንሾካሹኩ። ከኋላችሁ የተቀመጥኩት እኔ ልሆን እችላለሁ።