ባሕረ ገብ መሬት ምንድን ነው? የሐይቅ እስጢፋኖስ ምሳሌ

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ እንግዳ «ወደ ደሴቱ የሚወስደው ጀልባ የት ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ስለ እስጢፋኖስ ገዳም የሰማው ሁሉ ስለ ደሴት ነውና። ዛሬ ግን ገዳሙ በእግር ይገባል፤ ያለው በባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው።

ባሕረ ገብ መሬት አብዛኛው ጎኑ በውሃ ተከቦ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ መሬት ነው። ዙሪያውን ሁሉ ውሃ ከያዘው ደሴት ይባላል። አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጥም ይችላል። በባሕር ዳርቻ ማዕበል አሸዋ እየቆለለ ደሴትን ከየብስ የሚያገናኝበት ጊዜ አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ሸሸ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናቡና ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ ይሞሉታል፣ ፀሐይ ታተንነዋለች። ገቢው ከወጪው ሲያንስ ጥልቀት የሌለው ዳር ቀድሞ ይደርቃል፤ በደሴቱና በየብሱ መካከል የነበረውም እንዲሁ ደረቀ።

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በደሴት ላይ እንዳለ ጽፎታል። አገሬው ደግሞ የሐይቁን አፈጣጠር በራሱ መንገድ ይተርካል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችባት ቦታ ብቻ ደሴት ሆና ቀረች። ለእኔ ይህ ተረት የወሎን ሰው የፍርድ ስሜት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መነኮሳቱ ውሃ የከበበውን ቦታ የመረጡት ከዓለም ለመለየት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት ከእርሳቸው ነው። የሐይቅ አበምኔት በኋላ «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቁ የአገራችን ብራናዎች ቀደምቱ ነው፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም በውስጡ አለ። ከከተማው አልፎ ለሚሄድ መንገደኛ ይህን አለመንገር በጣም ያሳዝነኛል።

ውሃው ቢሸሽም የገዳሙ ሥርዓት አልሸሸም። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ የሴቶች ገዳም ለብቻው በአቅራቢያው አለ። ከቤተሰብ ጋር የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።