«አጎቴ አጭሶ ምንም አልሆነም»፦ ስለ ካናቢስና ስለ ዘር የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ በረካውን ጠጥታ ረከቦቱ ሳይነሳ ታንቀላፋለች፤ ሌላው ከቀትር በኋላ አቦል ከቀመሰ ሲገላበጥ ያነጋል። ካፌይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም ከሰው ሰው ፍጥነቱ ይለያያል፤ ይህን በከፊል የሚወስነው ደግሞ የወረስነው ዘረ መል ነው። ሀሺሽ በምንለው ካናቢስ ላይ ሲሆን ግን የሁሉም ሰው አካል አንድ ይመስለናል። በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ከምሰማው ጥቂቱ እነሆ።

«አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ አጭሶ ምንም አልሆነም።»

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ደም የሚያቀጥነውን የዋርፋሪን መድኃኒት ማዘዣውን እያቀበለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ። ከአጎት ጋር የምንጋራው ዘረ መል በአማካይ ሩቡን ብቻ ነው። በካናቢስ ውስጥ ያለውን የሚያሰክር ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ሲ9 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው፤ የዚህን ኢንዛይም ደካማ ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ያንኑ መጠን ቢውጥ፣ ደሙ የሚያገኘው ቲኤችሲ የሌላውን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዋርፋሪንንም የሚያፈርሰው ይኸው ኢንዛይም ነው። ካናቢስ ሥራውን ሲሻማበት ዋርፋሪኑ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ጥርስ ሲፋቅ የጀመረ ደም አልቆምም ይላል። ልጁን መጀመሪያ ሐኪሙን እንዲያማክር መለስኩት። አጎቱ ዋርፋሪን አይወስዱም ነበር።

በቤተሰቡ ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም፣ በተለይ በጉርምስናው አዘውትሮ ማጨስ ከጀመረ፣ ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።

«ሰውነታችን ለካናቢስ ቦታ አዘጋጅቶለታል።»

ይህን የሚሉት ትንሽ ያነበቡት ናቸው፤ ትንሽ ማንበብ ደግሞ አንዳንዴ ከአለማንበብ ያስቸግራል። ቲኤችሲ የሚያርፍበት የአንጎል ተቀባይ በእርግጥ አለ፤ የመሥሪያው መመሪያ ዘረ መላችንን ከያዙት ክሮሞዞሞች በ6ኛው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ቦታው የእንግዳ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር አገኙና በሳንስክሪት «ደስታ» ከሚለው ቃል አናንዳማይድ አሉት። እርሱ ሲፈለግ ብቻ ይመረታል፤ ሥራውን ጨርሶ ወዲያው ይፈርሳል። ቲኤችሲ ግን ለሰዓታት ወንበሩን አይለቅም።

«መብላቱ ከማጨስ ይቀላል።»

የተበላው በጉበት ሲያልፍ ወደ አንጎል በቀላሉ የሚዘልቅ ብርቱ ንጥረ ነገር ይሆናል። ስሜቱ እስኪመጣ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ይደግማሉ። ያኔ ሁለቱም አንድ ላይ ይደርሳሉ።

«በማግስቱ ከሰውነት ይወጣል።»

ስካሩ እንጂ እርሱ አይወጣም። ቲኤችሲ በስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሽንቱ ያጋልጠዋል።

«ዘር ያበላሻል፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

ይህ ደግሞ በተቃራኒው የተጋነነ ነው። ካናቢስ የዘረ መልን ፊደላት አይቀይርም፤ የሚነካው ዘረ መሉ እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል የሚያደርጉትን ኬሚካላዊ ምልክቶች ነው። ፅንስን ለመጉዳት ግን ዘር እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቲኤችሲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ይደርስበታል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚጠቀሙ እናቶች ልጆችም ክብደታቸው አንሶ የመወለድ ዕድላቸው ይጨምራል።